ፕላምፒ ነትና የክንድ ሪባን፦ በኮቪድ ጊዜ ለሕፃናት የተለገሰው እርዳታ ጣና ዳር ሲመዘን

እዚህ የምንገመግመው አንድ አገልግሎት ነው። ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የያዛቸውን ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ፣ በቤታቸው ሆነው፣ በጤና ኬላ ክትትል ማከም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአጭሩ «ኦቲፒ» ይሉታል። እናትየው ምንም አትከፍልም። ጤና ኬላውንና ሠራተኛዋን መንግሥት ይችላል፤ የምግቡ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በለጋሾች ገንዘብ ነው። በኮቪድ-19 ጊዜ የነበረውን አሠራር የመረጥነው ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ የአገልግሎቱን ጥንካሬና ድክመት ያጋለጠው ያ ወቅት ስለሆነ ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ምግቡ ግሩም ነው፤ ከ10 9 እንሰጠዋለን። የክንድ መለኪያው ሪባን 8 ይገባዋል። ወረርሽኙ ያመጣው የክትትል ለውጥ 6፣ ገንዘቡ የሚለቀቅበት መንገድ ደግሞ 4። ለጋሽ ካርቶን መግዛት ይወዳል፤ ካርቶን ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ካርቶኑን ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት የሚያሻግረው የጀልባ ነዳጅ ግን በብዙ በጀት ውስጥ ቦታ የለውም።

ከምግቡ፣ ከፕላምፒ ነት፣ እንጀምር። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ውስጡ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድና የኒውትሪሴት ኩባንያ መሥራች ሚሼል ሌስካን በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሠሩት ነው። ብልሃቱ ያለው ውሃ አለመግባቱ ላይ ነው። ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያ አይራባበትም፤ አይበሰልም፣ አይበጠበጥም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። እናት እጇንና የልጇን እጅና ፊት በሳሙና ታጥባለች፣ የፓኬቱን ጫፍ ቀዳ ትመግባለች፣ ከጎን ንጹሕ ውሃ ታጠጣለች። ከዚህ በፊት ዋናው ሕክምና ኤፍ-100 የተባለው ወተት ነበር። እሱ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ ለቤት አይሰጥም። ልጁም እናቱም ለሳምንታት ሆስፒታል ይተኙ ነበር። በወረርሽኝ ወቅት የሕፃናት ክፍል እንዳይጨናነቅ ማድረግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ፓኬት ባይኖር ኖሮ በ2012 ዓ.ም. ብዙ እናቶች በበሽታ ፍርሃትና በልጅ ረኃብ መካከል መምረጥ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

እንከኑም ይነገር። ሙቀት ያለበት ቦታ ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሳይታሽ ከተቀደደ ዘይቱ ይፈስና ልጁ የሚያገኘው ደረቁን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከመቀደዱ በፊት ፓኬቱን በእጅ መዳፍ ደህና አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ምክር ይህ ነው። ሁለተኛው እንከን ጣፋጭነቱ ነው። ልጅ ስለሚወደው ሕክምናው ይሳካል፤ ታላላቆቹም ስለሚወዱት ግን ይካፈሉታል። ሦስተኛው፣ ፓኬቱ ከረሜላ ይመስላል፤ አንዳንዴም በገበያ ሲሸጥ ይገኛል። በካርቶኑም በፓኬቱም ላይ መድኃኒት መሆኑ በአማርኛ በጉልህ ቢጻፍ እንመርጣለን።

መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል። ከ4 እስከ 5.4 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 2 ፓኬት፣ ከ5.5 እስከ 6.9 የሆነ ሁለት ተኩል፣ ከ7 እስከ 8.4 የሆነ 3፣ ከ9.5 እስከ 10.4 የሆነ 4፣ 12 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ 5 ይወስዳል። የሚጠባ ልጅ ጡት ይቀድማል፤ ፓኬቱ ከጡት በኋላ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም። ፓኬት ይዞ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት የምግብ ፍላጎት ፈተና አለ። ጸጥ ባለ ጥግ፣ ሳይገደድ፣ እስከ ግማሽ ሰዓት ጊዜ ተሰጥቶት፣ ከ4 እስከ 6.9 ኪሎ የሆነ ልጅ ቢያንስ የፓኬቱን ሩብ፣ ከ7 እስከ 9.9 የሆነው ቢያንስ ሲሶውን መብላት አለበት። ካልበላ፣ ወይም ሁሉንም የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋና የሚዝል ከሆነ የቤት ሕክምና አይበቃውም፤ ተኝቶ ወደሚታከምበት ማረጋጊያ ክፍል ይላካል። እዚያ በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው፤ የተዳከመ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ስለማይችል ሆን ተብሎ የቀለለ ነው።

ወደ ወረርሽኙ እንምጣ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዴት እንቅስቃሴ ተገደበባቸው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ሲደረግ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ለአንድ ሳምንት ፓኬት በየሳምንቱ ሁለት እጥፍ ከፍሎ መምጣት ለገጠር እናት የማይሆን ነገር ነው። ለዚህ ነው በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው መመሪያ በየሳምንቱ የነበረውን ቀጠሮ ወደ ሁለት ሳምንት፣ ሁኔታው ሲከብድም ወደ አንድ ወር እንዲራዘም፣ ምግቡም በዚያው ልክ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ የፈቀደው።

ሐሳቡ ትክክል ነው። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። 7.5 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በሳምንት 21 ፓኬት ትወስዳለች። ለሁለት ሳምንት 42 ይሆናል፤ ወደ 4 ኪሎ ግራም ነው፤ በነጠላ ተቋጥሮ ይሄዳል። ለአራት ሳምንት ግን 84 ፓኬት፣ 7.7 ኪሎ ግራም፣ 150 ፓኬት ከሚይዘው ካርቶን ከግማሽ በላይ ነው። እናትየው ልጇን አዝላ ይህን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት የዋሉ ሦስት አራት ልጆች ይጠብቋታል። በአንድ ወር የታቀደው ምግብ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታየው ከወር በኋላ ክብደቷ ያልጨመረ ልጅ ነው፤ ምክንያቱ ሕመም ይሁን መካፈል መለየት አትችልም። የሚፈታውም በቁጣ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሌሎቹን ልጆች ሆድ የሚይዝ ነገር ከሌለ እናት ታካፍላለች። ከፓኬቱ ጋር ለቤተሰቡ ዱቄትና ዘይት የሚሰጥ ፕሮግራም ባለበት ቦታ ፓኬቱ ለታለመለት ልጅ ይደርሳል።

ሌላም ብዙዎች ያላስተዋሉት ችግር አለ። ልጅ ከሕክምናው የሚወጣው የክንዱ ዙሪያ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ሲገኝና የእግር እብጠት ሲጠፋ ነው። ቀጠሮው በየሳምንቱ ሲሆን ሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ማለት ሳምንት ነው፤ በየወሩ ሲሆን ወር ይሆናል። የዳነ ልጅ ለተጨማሪ ወር ፓኬት ይበላል፤ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ደግሞ ክምችቱ ይጎድላል። በተቃራኒው ቀጠሮው በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ለአራት ሳምንት የሚያየው ባለሙያ የለም። ስለዚህ በእኛ ግምት ሁለት ሳምንቱ ተገቢ ነበር፤ ወሩ ለደሴትና በጎርፍ ለሚቆረጥ ቀበሌ ብቻ መቅረት ነበረበት። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ መንገድ ስለሌለ የወር ምግብ መስጠት ግዴታ ነው። ከሐሙሲት ወይም ከመሸንቲ አስፋልት ዳር ላለች እናት ግን ቀጠሮው ያን ያህል መራቅ አያስፈልገውም ነበር።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ሪባኑ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የክንድ ዙሪያ መለኪያው፣ «ሙአክ» የሚባለው፣ ሦስት ቀለም ያለው ስስ ሪባን ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፤ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፤ መካከለኛ ነው። 12.5ና ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ዋጋው ጥቂት የዶላር ሳንቲም ነው። በኮቪድ ጊዜ ባለሙያ ልጅ መንካት ሲቀንስ ሪባኑን ለእናቶች ሰጥቶ ራሳቸው እንዲለኩ ማድረግ በብዙ አገር ተስፋፋ። አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ በኒጀር የተሠሩ ጥናቶች እናቶች ከሠለጠነ ሠራተኛ ባላነሰ እንደሚለኩ አሳይተው ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። የግራ ክንድ እጅጌ ይወልቃል። ክርኑ ታጥፎ በትከሻው ጫፍና በክርኑ ጫፍ መካከል ያለው ቦታ ይታያል፤ እናት በዓይኗ ብትገምት ይበቃል። ከዚያ ክንዱ ይዘረጋል፣ ይላላል፤ ሪባኑ ተጠምጥሞ በቀዳዳው ይገባል፤ ቀለሙ በመስኮቷ ላይ ይነበባል። ስህተቱ ያለው አጠባበቁ ላይ ነው። ቆዳውን እስኪያሸበሽብ ከተጠበቀ ጤነኛውን ልጅ ቀይ ያደርገዋል፤ ጤና ኬላው በማይገባቸው ይጨናነቃል። ከላላ ደግሞ የታመመውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ይህኛው የከፋ ነው። በሪባኑና በቆዳው መካከል ክፍተት የለም፣ ቆዳም አይጨማደድም፤ ልኩ ይህ ነው። ሪባኑ የማያሳየው አንድ ነገር እብጠት ነው። ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጉድጓዱ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ልጁ ታሟል። ሪባን ተሰጥቶ ይህ ሳይነገር የቀረበት ሥልጠና ግማሽ ሥልጠና ነው።

አንድ ሪባን ለብዙ ልጅ የሚዞር ከሆነ በየልጁ መካከል ይጠረጋል። ከገበያ በሚገኘው 5 በመቶ በረኪና ለዕቃ የሚሆን 0.5 በመቶ ውህድ ለማዘጋጀት 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ነው። ለእጅ የሚሆነው 0.05 በመቶ ግን 1 እጅ በ99 እጅ ውሃ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ቆዳ ይቃጠላል። በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል፤ ያደረ ኃይሉ ይቀንሳል። ለነገሩ ሪባኑ እጅግ ርካሽ ስለሆነ ለአንድ ቤት አንድ ሪባን መስጠት ከበረኪናው ጣጣ ይሻላል።

8 የሰጠነው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱን ነጥብ የቀነስነው ቀይ ያየች እናት የምትሄድበት ጤና ኬላ ፓኬት ከሌለው ሪባኑ ጭንቀት ብቻ ስለሚያተርፍላት ነው።

ፓኬት ለምን ያልቃል? የገንዘቡ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለኮቪድ ሰብአዊ ምላሽ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የጠየቀው 2.01 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሚያዝያ 29 ጥያቄው 6.7 ቢሊዮን ሆነ፤ በሐምሌ 10.3 ቢሊዮን ደረሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ከተጠየቀው ግማሹ እንኳ አልተሞላም። በዚያው ሐምሌ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንበያ ወረርሽኙ በ2020 እ.ኤ.አ. 6.7 ሚሊዮን ተጨማሪ ሕፃናትን ለአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሊያጋልጥ እንደሚችል ገመተ፤ አራት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ሕፃናቱን ለመታደግ 2.4 ቢሊዮን ዶላር በአስቸኳይ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ጭምብል፣ መመርመሪያና ኦክስጅን ቶሎ ገንዘብ ሲያገኙ ረኃቡ ተከትሎ መጣ፤ ገንዘቡ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም።

ከመጠኑ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ መታሰሩ ነው። የታሰረ ገንዘብ ማለት ለዚህ አገር፣ ለዚህ ሥራ፣ እስከዚህ ቀን ተብሎ የተሰጠ ነው። ለእጅ መታጠቢያ የመጣን ገንዘብ ወደ ፓኬት ለማዞር ለጋሹን በደብዳቤ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ሲመጣ የረኃቡ ወቅት ያልፋል። ግንቦት 2008 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ ለጋሾችና የእርዳታ ድርጅቶች እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ከሰብአዊ እርዳታው 30 በመቶ ያህሉ ያልታሰረ ወይም በላላ ሁኔታ የታሰረ እንዲሆን፣ 25 በመቶው ደግሞ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥ ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። ወረርሽኙ የመጣው ልክ በቀነ ገደቡ ዓመት ነው፤ ስምምነቱ ቢከበር ኖሮ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም ያኔ ነበር።

ፓኬት እንደ ዱቄት ከገበያ የሚሸመት አይደለም። የዓለምን ምርት ሦስት አራተኛ ያህል የሚገዛው ዩኒሴፍ ነው። ከውጭ ሲታዘዝ ምርቱ፣ መርከቡ፣ ጅቡቲ፣ የጉምሩኩ ሂደት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዓባይ በረሃን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ለስድስት ወር የተሰጠ ገንዘብ አብዛኛው ጊዜው በመንገድ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው ሂሊና ፋብሪካ ይህንኑ ምግብ አገር ውስጥ ማምረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የባሕሩን ጉዞ ይቆርጣል። ነገር ግን የወተት ዱቄቱና የቪታሚን ድብልቁ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ ኦቾሎኒውም ከአፍላቶክሲን ሻጋታ መርዝ የጸዳ መሆን አለበት። ለጋሽ ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ለመግዛት ከፈለገ ትዕዛዙን አስቀድሞ ቢሰጥ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ለማስገባት ጊዜ ያገኛል።

ዋጋውን በቁጥር እንየው። 150 ፓኬት የሚይዝ ካርቶን ከ40 እስከ 50 ዶላር ገደማ ነው። ያቺ 7.5 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ስምንት ሳምንት ብትታከም 168 ፓኬት ያስፈልጋታል፤ ከ45 እስከ 56 ዶላር ነው። በኬንያና በደቡብ ሱዳን ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለከባዱ በቀን 2፣ ለመካከለኛው በቀን 1 ፓኬት ብቻ በመስጠት ከተለመደው የማያንስ ውጤት በአነስተኛ ወጪ እንደሚገኝ አሳይቷል። ክምችት ሲመናመን ይህ አማራጭ ልጆችን ባዶ እጅ ከመመለስ እጅግ ይሻላል።

ጤና ኬላ ላይ ደግሞ አጠያየቁ ራሱ ይበላሻል። በአንድ ጊዜ 10 ልጆች የሚታከሙበት ጤና ኬላ በሳምንት 210፣ በአራት ሳምንት 840 ፓኬት ይፈልጋል፤ 6 ካርቶን ማለት ነው። ለመጠባበቂያ 2 ሲጨመር 8። ባለፈው ወር 3 ካርቶን ስለወጣ ብቻ 3 የሚጠይቅ ጤና ኬላ፣ ያለፈው ወር 3 የወጣው ከዚያ በላይ ስላልነበረው መሆኑን ዘንግቷል። ሪፖርቱ ላይ ክምችቱ ያለቀበት ቀን ካልተጻፈ ይህ ስህተት በየወሩ ይደገማል። ካርቶኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጥ። ከተመረተ ጀምሮ 24 ወር ይቆያል፤ ቀኑ የቀረበው ይቅደም። አይጥ የኦቾሎኒ ሽታ ከሩቅ ያመጣዋል።

ከባሕር ዳር ሐይቁን ይዞ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ዘጌንና ደቅን ይነካ ነበር፤ በሳምንት አንዴ ነበር። እምቦጭ በወረረው ዳርቻ ደግሞ ሞተሩ ይያዛል። ካርቶን ማሻገሪያ፣ ለሠራተኛዋ የክትትል ነዳጅ፣ የሪባን ሥልጠና፣ ሳሙና፤ እነዚህ ከካርቶኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ያለ እነሱ ግን 13.8 ኪሎ የሆነው ካርቶን ወረዳ መጋዘን ውስጥ ቀኑ ያልፍበታል። አማራ ክልል ሩዝና ጤፍ፣ ዓሣና ወተት ያለበት ክልል ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 46 በመቶ ሕፃናቱ የቀነጨሩበት መሆኑን ስናስብ፣ ጉድለቱ ያለው ምግቡን ከልጁ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይም መሆኑ ግልጽ ነው።

በግል ወይም በማኅበር ገንዘብ አሰባስባችሁ ለመርዳት የምታስቡ፣ ከባሕር ዳርም ከውጭም፣ የዱቄት ወተት ጣሳ አትላኩ። ይህን ከልብ እንለምናለን። ንጹሕ ውሃ በሌለበት የሚበጠበጥ ወተት ተቅማጥ ያመጣል፤ ጡት ያስጥላል፤ የተላከው ሲያልቅም የእናት ጡት ደርቋል። በኮቪድ የተያዘች እናት እንኳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ እንድታጠባ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው። ፓኬት ገዝቶ መላክም የወረዳውን ቆጠራ ያዛባል። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱን ምን እንደጎደለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ትራንስፖርት፣ ሳሙና ወይም ሪባን ይሆናል። ሪባን ከሆነ የሕፃናቱን መሆኑን አረጋግጡ፤ ለአዋቂና ለነፍሰ ጡር የሚሆን ሌላ አለ። ቀዩ በ11.5 የሚያበቃውን ምረጡ፤ በድሮዎቹ ላይ ቀዩ የሚያበቃው በ11.0 ስለነበር፣ በእነሱ የተለካ 11.2 የሆነ ልጅ መካከለኛ ነው ተብሎ ይመለሳል።